ስለ ምት መሣሪያ ትምህርት፤ ወደ ኮሌጅ ለሚገባ ደቀ መዝሙር

በአሜሪካ ኮሌጆች የሙዚቃ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ከሚሰማው የንድፈ ሐሳብና የታሪክ ትምህርት ሌላ፣ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ እንደ ክፍሉ ሥርዓት ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ያህል፣ በር ዘግቶ ከመምህሩ ጋር ብቻውን የሚገናኝበት ትምህርት አለ። ቫዮሊን የሚማረው ቫዮሊኑን፣ ትራምፔት የሚማረው ትራምፔቱን ይዞ ይገባል፤ የምት መሣሪያ የሚማረው ግን ስኔር ድራሙ፣ ቲምፓኒው፣ ማሪምባው፣ ዛይሎፎኑ፣ ቫይብራፎኑ፣ ሲምባሉ፣ ታምቡሪኑ፣ ትሪያንግሉ፣ ሁሉም በአንድ ስም ተጠቃለው በእርሱ ላይ ይወድቁበታልና፣ ከየትኛው እንደሚጀምር፣ ለየትኛውስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ካልተነገረው በመጀመሪያው ዓመት ኃይሉን በትኖ ይቀራል። ይህን ትምህርት ለመማር ለምታስበው ለአንተ፣ መምህር ከመምረጥ አንሥቶ እስከ ሴሚስተሩ ፈተና ድረስ ምን ምን ማድረግ እንደሚገባህ በተራ ልጽፍልህ የወደድሁት ስለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር በልብህ ያዝ። ከበሮ መምታት የክንድ ብርታት ነው ብሎ ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ብዙ ነው፤ መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚመረምረው ግን ጆሮን ነው። ሁለቱ እጆች እኩል መምታታቸውን፣ ስልተ ምቱ ሳይቸኩልና ሳይዘገይ መሄዱን፣ ቲምፓኒው ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር በቃና መስማማቱን የሚለየው ጆሮ ነውና፣ ጆሮ ያልሰማውን ስሕተት እጅ ሊያርመው አይችልም። ከዚህ በታች የምሰጥህ ምክር፣ ስለ ስቲክ አያያዝም ቢሆን ስለ መምህር አመራረጥ፣ ሁሉም ከዚህ ነገር የሚወጣ ነው።

ከመምህር ፊት ለብቻ ቀርቦ መማር ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አዋሕዶ የሚያስተምረው የአቋቋም ቤት፣ ምስክርነቱ በታወቀው በጎንደር በአታም ሆነ በሌሎቹ አድባራት፣ ዝማሜውን፣ መረግዱን፣ ጽፋቱንና ወረቡን ከመምህሩ አፍና እጅ ለደቀ መዝሙሩ ጥቂት በጥቂት እያስቀጸለ ሲያወርስ የኖረ ቤት ነውና፣ ተቀብሎ መሳሳትን፣ ተሳስቶ መታረምን፣ የታረመውንም ማጽናትን አበው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። ልዩነቱ የአቋቋም ተማሪ ከመምህሩ ደጅ ውሎ ሲያድር፣ የኮሌጁ ተማሪ መምህሩን በሳምንት አንዲት ሰዓት ብቻ ማየቱ ነው፤ ስለዚህ በቀሩት ስድስት ቀናት ራሱ ሰሚ፣ ራሱ አራሚ ሆኖ መገኘት ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራህ መምህር መምረጥ ነው፤ ኮሌጁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የትምህርት ቤቱ ስም የገነነ ስለሆነ ብቻ አትሂድ፤ የምት መሣሪያውን የሚያስተምረው ሰው ማን እንደሆነ፣ በኦርኬስትራ ውስጥ ያደገ ይሁን፣ በማሪምባ ብቻውን መድረክ የሚወጣ ይሁን፣ ወይም በጃዝ ድራም የታወቀ ይሁን ጠይቅ፤ ከማን እንደተማረም ጠይቅ። ይህ ትምህርት ከእጅ ወደ እጅ የሚወርድ ነውና። ለምሳሌ ሳውል ጉድማን የሚባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1972 በኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የቲምፓኒ መቺ ሆኖ ሲያገለግል፣ በጁሊያርድ ትምህርት ቤት ያስተማራቸው ደቀ መዛሙርት በየኦርኬስትራው ገብተው የእርሱን አመታት ለሌሎች አውርሰዋል። ከዚህ በኋላ ለመምህሩ አጭር ደብዳቤ ጽፈህ አንድ የሙከራ ትምህርት እንዲሰጥህ ለምነው። በዚያች ሰዓት የእጁን ፍጥነት ስታደንቅ አትዋል፤ አንተ ስትመታ ዝም ብሎ ይሰማህ እንደሆነ፣ ከሰማህም በኋላ አንድ ነገር ለይቶ ነግሮህ ያን አንድ ነገር እስክታሻሽለው ድረስ ይታገሥህ እንደሆነ ተመልከት። አሥር ስሕተት ባንድ ጊዜ የሚቆጥርልህ መምህር ዐዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ለጀማሪ ግን አይጠቅምም። ከመውጣትህ በፊት መሣሪያዎቹን እንዲያሳይህ ጠይቅ፤ አምስት ኦክታቭ ያለው ማሪምባ ስንት እንዳላቸው፣ የልምምድ ክፍሎቹ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈቱ፣ ስንት ተማሪ እንደሚካፈላቸው እወቅ፤ ማሪምባን ገዝተህ በቤትህ ልታኖረው አትችልምና።

ለመግቢያው ፈተና በብዙ ቦታ የሚጠየቀው ተቀራራቢ ነው፤ በስኔር ድራም ኤቲዩድ የሚሉት አንድ የልምምድ ድርሰት፣ በማሪምባ ወይም በዛይሎፎን አንድ ሁለት ድርሰት፣ በቲምፓኒ ራስህ ቃኝተህ የምትጫወተው አንድ ኤቲዩድ፣ በመጨረሻም ከዚያ በፊት ያላየኸውን ኖታ እዚያው አንብቦ መጫወት ነው። ከባድ ድርሰት መርጠህ እየተደናቀፍህ ከምትጫወት፣ መካከለኛውን መርጠህ ጥርት አድርገህ ብትጫወት ይበልጣል፤ ፈታኞቹ የሚሹት ቢያስተምሩህ የምትማር መሆንህን ነው። ኖታ ማንበብ ካልለመድህ ዛሬውኑ ጀምር፤ አዲስ አበባ ያለህ እንደሆነም ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዱን ፈልገህ እንዲያስተምርህ ለምነው። በጆሮ ብቻ ተምሮ ድንቅ አድርጎ የሚመታ ሰው እንኳ ከዚህ ደጅ ሊመለስ የሚችለው በዚህ በአንዱ ነገር ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልህም። ለኮንሰርት ስኔር ድራም የሚሆን አንድ ጥንድ ስቲክ፣ የልምምድ ፓድ፣ ሜትሮኖም፣ በክር የተጠቀለሉ አራት አንድ ዓይነት የማሪምባ ማሌቶች (መምቻዎች)፣ አንድ ጥንድ የጎማ ማሌት፣ አንድ ጥንድ የቲምፓኒ ማሌት፣ እርሳስና ጆሮ መድፈኛ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቁሃል። ጆሮ መድፈኛውን አትናቀው፤ የልምምድ ክፍል ጠባብ ስለሆነ የስኔር ድራም ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ ጆሮን ይጎዳል፤ እንዲህ የጠፋ መስማትም አይመለስም።

ትምህርቱ ሲጀመር መምህሩ በአብዛኛው ከስኔር ድራም ያስጀምርሃል፤ የእጅ ሥርዓት ሁሉ ከዚያ ይቀዳልና። ስቲኩን ከወፍራሙ ጫፍ ሲሦ ያህል ወደ ፊት አልፈህ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል ያዘው፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች ይንኩት እንጂ አይጨብጡት። ከዚያ እጅህን አንሥተህ ስቲኩን በፓዱ ላይ በክብደቱ ብቻ ጣለውና ተመልከት፤ ጣቶችህ ካላነቁት ደጋግሞ ይነጥራል፤ ካነቁት ግን አንድ ጊዜ ጓ ብሎ እዚያው ይቀራል። ወደ ታች የሚያወርድ ኃይል ማንም አለው፤ ስቲኩ ነጥሮ ሲመለስ በእርጋታ መቀበልን፣ እንደ አስፈላጊነቱም ማገዝን ወይም መግታትን የሚያውቀው ግን የተማረ ሰው ነው።

ጆርጅ ሎውረንስ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው «ስቲክ ኮንትሮል» የሚባለው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ በምት መሣሪያ መምህራን እጅ አለ። የመጀመሪያውን የልምምድ ገጽ ብትከፍተው ቀኝና ግራ ከሚሉ ምልክቶች በቀር የምታየው የለም፤ አንደኛው ልምምድ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ የሚሄድ ነው፤ ሦስተኛው ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ግራ ይላል፤ አምስተኛው ፓራዲድል የሚሉት፣ ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ የሚለው ነው፤ እያንዳንዱም ሳይቋረጥ 20 ጊዜ እንዲደገም ደራሲው ያዝዛል። ተማሪ ይህን ሲያይ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ይመስለዋል። አንተ ግን ሜትሮኖሙን በ60 አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ አምስተኛውን ልምምድ ምታና ስማ፤ ከበሩ ውጭ የቆመ ሰው የትኛው የቀኝ፣ የትኛው የግራ ምት እንደሆነ ሊለይ ይችላልን? ሊለይ ከቻለ ልምምዱ ገና አላለቀም። የቀኝ እጅ ሰው ከሆንህ የግራው ስቲክ ዝቅ ብሎ ይነሣል፤ ድምፁም ይሳሳል፤ በአንድ እጅ ሁለት ምት ሲከታተል ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይደክማል። እነዚህን ሁለት ሕመሞች ያለ ማንም ነጋሪ መስማት ከጀመርህ መምህርህ ብዙ ሥራ ቀለለለት። ልምምድህን በስልክህ ቅዳው፣ በማግሥቱም አድምጠው፤ እጅ በሥራ ላይ ሳለ ጆሮ ብዙ ነገር ይሰወረዋልና።

ይህ ሲጸና፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ፐርከሲቭ አርትስ ሶሳይቲ የሚባለው የምት መሣሪያ ባለሙያዎች ማኅበር በደነገጋቸው፣ ሩዲመንት በሚባሉ 40 መሠረታዊ የአመታት ስልቶች ውስጥ፣ ነጠላውን፣ ድርቡን፣ ፍላሙንና ድራጉን መምህርህ በተራ ያስኬድሃል። በእኔ አስተያየት ግን ተማሪን ከተማሪ የሚለየው በቀስታ መምታት ነው። ስቲኩን ወደ ከበሮው ጠርዝ አቅርበህ፣ ከቆዳው በጥቂቱ ብቻ ከፍ አድርገህ፣ ሁሉም ምት እኩል ሆኖ እንዲሰማ ማድረግ፣ ጮክ አድርጎ ከመምታት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ሞሪስ ራቬል እ.ኤ.አ. በ1928 በደረሰው «ቦሌሮ» ውስጥ ስኔር ድራሙ ሁለት ባር ብቻ የሆነች አንዲት ስልተ ምት ከጅምሩ አንሥቶ ሲደጋግም፣ እንደ ሹክሹክታ ጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ ታላቅ ድምፅ ይወጣል። ይህን ድርሰት ከሁለተኛው ሴሚስተር በኋላ ራስህ በፓድ ላይ ሞክረው፤ ትዕግሥትህና እጅህ ምን ያህል እንደተስማሙ ይነግርሃል።

ከከበሮ የመጣ ተማሪ የሚደነግጠው ማሪምባው ፊት ሲቆም ነው። ጣውላዎቹ እንደ ፒያኖ ቁልፎች የተደረደሩ ናቸው፤ ነገር ግን የፒያኖው ተጫዋች በጣቱ ዳስሶ ሲያውቅ፣ የማሪምባው ተጫዋች ከላይ ሆኖ በማሌት ጫፍ መፈለግ አለበት፤ ዓይኑም ኖታውንና ጣውላውን ባንድ ጊዜ ሊያይ አይችልም። መድኃኒቱ የኖታ ማስቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ወደ ጣውላዎቹ ማቅረብ፣ ከዚያም አሥራ ሁለቱን ሜጀር ስኬሎች በየቀኑ በዝግታ መሄድ ነው። ጣውላውን መካከሉን ወይም ጫፉን ምታ፤ ማንጠልጠያው ገመድ በሚያልፍበት ቦታ ከመታኸው በዚያ ነጥብ ላይ ጣውላው ስለማይርገበገብ ድምፁ ይታፈናል። በእያንዳንዱ እጅ ሁለት ሁለት ማሌት መያዝ ሲመጣ አያያዙ ብዙ ዓይነት ነው፤ በጌሪ በርተን ስም የሚጠራ አለ፣ ሊ ሃዋርድ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ የተነተነው አለ። የትኛው ይሻላል እያልህ ከጓደኞችህ ጋር አትከራከር፤ መምህርህ የያዘውን ያዝና ከጸናህ በኋላ ሌላውን መርምር። የናስ ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ማሌት ይዘህ ግን ወደ ማሪምባ ፈጽሞ አትቅረብ፤ የደኅና ማሪምባ ጣውላ የሆንዱራስ ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ የቀድሞ ቃናው አይመለስም።

በቲምፓኒ ትምህርት ከመምታት በፊት መቃኘት ይመጣል። በተለመደው አደራደር አራት ናቸው፤ ስፋታቸውም 32፣ 29፣ 26 እና 23 ኢንች ነው፤ እያንዳንዱ በእግር ፔዳል ቆዳው እየተወጠረና እየላላ ቃናውን ይለውጣል። ስትቃኝ መነሻውን ድምፅ ከመቃኛ ሹካ ተቀበል፤ የምትፈልገውን ቃና ከእርሱ ለክተህ አፍህን ሳትከፍት አንጎራጉረው። ከዚያ ፔዳሉን ወደ ታችኛው ድምፅ መልሰህ፣ ጆሮህን ወደ ቆዳው አቅርበህ፣ በማሌቱ አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ ነካ አድርገውና፣ ከምታንጎራጉረው ድምፅ ጋር እስኪገጥም ድረስ ፔዳሉን ከታች ወደ ላይ ግፋ። ካለፍኸው እስከ ታች አውርደህ እንደገና ውጣ፤ ከላይ ወደ ታች ሲመጡ የተገኘ ቃና አይጸናም። ደጋግመህ በመምታትም አትፈልገው፤ በኦርኬስትራ ውስጥ ይህን የምታደርገው ሌሎቹ እየተጫወቱ ሳሉ ማንም ሳይሰማህ ነው። ብዙ ተማሪ በመምህሩ ፊት ማንጎራጎር ያፍራል፤ ድምፁ ያማረ እንዲሆን የሚጠብቅ የለምና ይህን እፍረት በመጀመሪያው ሳምንት ጣለው። ስትመታም ከጠርዙ አንድ ጋት ያህል ገባ ብለህ ምታ፤ መካከሉ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1824 ለሕዝብ በተሰማው በ9ኛው ሲምፎኒው ሁለተኛ ክፍል፣ ሁለቱ ቲምፓኒዎች በአንድ ኦክታቭ ተራርቀው በኤፍ ቃና እንዲቃኙ አድርጎ፣ ብቻቸውን ጣልቃ እየገቡ እንዲናገሩ ያደርጋቸዋል፤ ያን ጊዜ ቃናህ ጥቂት ቢዛነፍ የሚሸፍንልህ ሌላ መሣሪያ አይኖርም።

አሁን ወደዚያች ወደ አንዲቱ ሰዓት እንምጣ። ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድመህ ተገኝ፤ የሌላው መሣሪያ ተማሪ ሳጥኑን ከፍቶ ሲጀምር አንተ መሣሪያ መግፋት፣ ቁመት ማስተካከል፣ ቲምፓኒ መቃኘት ይጠብቅሃልና፣ ይህን በትምህርቱ ሰዓት ካደረግኸው ሰዓቲቱ ታልቃለች። ስትገባ የሚሳካልህን አስቀድመህ ምስጋና አትፈልግ፤ ያስቸገረህን ቦታ በእርሳስ አመልክተህ፣ «ይህ አልሄድልኝ አለ» ብለህ አሳየው። እርሱ መትቶ ሲያሳይህ መጀመሪያ ዓይንህን ጨፍነህ ስማው፤ ሁለተኛ ሲደግመው እጁን ተመልከት። በሀገራችን ልማድ መምህር ሲናገር አንገት ደፍቶ እሺ ማለት የአክብሮት ምልክት ነው፤ የአሜሪካው መምህር ግን እሺ ስትለው የገባህ ይመስለዋልና ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ በሌላው ሳምንት ያው ስሕተት ሳይታረም ሲያገኘውም ስንፍና አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ያልገባህን «አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ» ማለትን ልመድ። በዚያ ልማድ ያደገ ሰው ይህ ከማንኛውም የእጅ ልምምድ እንደሚከብደው ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም በአሜሪካው መምህር ዘንድ ጥያቄ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። አጠራሩንም ጠይቀው፤ ፕሮፌሰር ወይም ዶክተር መባል የሚወድ አለ፣ በስሙ ብቻ እንድትጠራው የሚሻም አለ።

ትምህርቱ እንዳለቀ ወደ ሌላ ክፍል ከመሮጥህ በፊት ተቀምጠህ የተባልኸውን ሁሉ ጻፍ፤ ከዚያው ቀን ማታም ሳትተኛ አንድ ጊዜ በፓድህ ላይ ሞክረው። ለቀን ልምምድ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ከመደብህ ባንድ ትንፋሽ አትጨርሰው፤ 40 ደቂቃ ያህል ሠርተህ ጥቂት ዕረፍ። ማሪምባውን አእምሮህ ንጹሕ በሆነበት ሰዓት አድርገው፤ ማለዳ የልምምድ ክፍሎቹ ባዶ ስለሚሆኑ ለዚህ ይመቻል። አንድን ቦታ ስታጠና ምንም ስሕተት ሳትሠራ ልትጫወተው የምትችልበትን ዝግታ ፈልግ፣ ምንም ያህል የዘገየ ቢሆን፤ ከዚያ ሜትሮኖሙን ጥቂት ጥቂት ከፍ አድርግ። የእጅ አንጓህ ወይም ክንድህ ቢያምህ በዚያው ቀን አቁምና ለመምህርህ ንገረው፤ ሕመም የአያያዝ ስሕተት ምልክት ሊሆን ይችላልና በትዕግሥት የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ከግል ትምህርቱ ጋር ኮሌጁ በምት መሣሪያ ቡድንና በኦርኬስትራ ውስጥ እንድትሳተፍ ያዝዝሃል። የቡድኑ ሥራ በኮሌጅ ዕድሜው አጭር ነው፤ ኤድጋር ቫሬዝ ለ13 ተጫዋቾች የደረሰው «ዮኒዛሲዮን» በኒውዮርክ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲሆን፣ ፖል ፕራይስ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምት መሣሪያ ቡድንን በመደበኛ ትምህርትነት ያስገባው በ1950 ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ ደግሞ ከምትመታው ይልቅ ዝም የምትለው ይበዛል። ድቮርዣክ እ.ኤ.አ. በ1893 በኒውዮርክ በተሰማው «ከአዲሱ ዓለም» በሚለው ሲምፎኒው ሲምባሉን የሚያሰማው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርሱንም በመጨረሻው ክፍል ነው። ለዚያች አንዲት ምት ሰው ሲምፎኒውን በሙሉ ተቀምጦ ሊሰማና ሊቆጥር ይገባዋል። ስለዚህ በኖታህ ላይ የዕረፍቱን ባሮች ብዛት ብቻ አትመን፤ ከአንተ በፊት የሚገባው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ በእርሳስ ጻፍበት፤ ድርሰቱንም ከልምምዱ በፊት ደጋግመህ አድምጥ።

ከኢትዮጵያ ወጥተህ፣ ወይም በውጭ አገር ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልደህ ወደዚህ ትምህርት የምትገባ ከሆንህ፣ ይዘኸው የምትመጣው ሀብት አለ። የችክችካው ስልት በጆሮህ ስላደገ፣ ስድስቱን ምት በሁለትም በሦስትም መክፈል ለአንተ ቀላል ይሆንልሃል፤ በዚያው ምክንያት ግን እኩል መሆን የሚገባቸውን ሁለት ምቶች ሳታውቀው ወደ ረጅምና አጭር ልታዘነብላቸው ትችላለህና፣ ይህን በሜትሮኖም መርምር። ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን፣ ዛሬ በርክሊ በሚባለው ኮሌጅ ተምሮ፣ ቫይብራፎኑንና የላቲን ከበሮዎችን ከሀገሩ ቅኝቶች ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ያስገኘው የተማረውንም የተወለደበትንም ሳይጥል ነው። አንተም ከበሮህን አትተወው፤ ሰፊውና ጠባቡ አፍ የሚሰጡትን ሁለት ድምፅ ለመምህርህ አሰማው፣ በዓመቱ ውስጥ ስለ እርሱ የሚሆን ሥራ እንዲሰጥህም ጠይቀው። የቤተ ክርስቲያኑን ወረብ ወደ ኮንሰርት መድረክ ለማውጣት ካሰብህ ግን አስቀድመህ ሊቃውንቱን አማክር፤ ያ ከበሮ ለጸሎት የተለየ ነው።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ጁሪ የሚሉት ፈተና ይመጣል፤ የክፍሉ መምህራን ተቀምጠው የሠራኸውን ይሰማሉ፣ አስተያየታቸውንም በጽሑፍ ይሰጡሃል። የኖታውን ቅጂ ለእያንዳንዳቸው አዘጋጅ፤ የድርሰቶቹን ተራም መሣሪያ መግፋት በሚያንስበት መንገድ ደንግግ፤ ቢቻልህ ፈተናው በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ቀድመህ ተለማመድ፤ የክፍሉ ማስተጋባት ሲለወጥ የስቲክና የማሌት ምርጫህም ሊለወጥ ይችላል። ብትሳሳት አትቁም፣ ፊትህንም አታጨማድድ። የተጻፈልህን አስተያየት ወደ መምህርህ ይዘህ ሂድና አብራችሁ አንብቡት። ከዚያም የዓመቱ ረጅም ዕረፍት ከመድረሱ በፊት፣ ክፍሎቹ ይዘጉ እንደሆነ፣ ማሪምባ የምታገኝበትም ሌላ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠይቀው፤ የማይገኝ ከሆነ በፓድ ብቻ ልትሠራው የምትችለውን ለይቶ፣ ከነሜትሮኖሙ ቁጥር እንዲጽፍልህ አድርግ።